የመንዝ ጠጉር በቆላ ጣሪያ

ጌታነሽ ቀንታለች። ይህን ራሷ ሞታ ብትገኝ አታምነውም፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው ተናግረነው እንገላገል። የቀናችው በሰው ከብት ወይም በሰው እርሻ አይደለም። በጣሪያ ነው የቀናችው። እንዲያውም በጣሪያው እንኳ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር በተሰቀለ የበግ ጠጉር።

መንደሩ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጀማ ወንዝ ሳይደርሱ የሚገኝ ቆላ ነው። ዓለም ከተማ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ መንገደኛ ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢውን ትከሻው ላይ ይጥለዋል፣ ትንሽ ወረድ ሲል አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይይዘዋል፣ መንደሩ ሲደርስ ለምን ይዤው መጣሁ እያለ ይገባል። በሚያዝያና በግንቦትማ ባይወራ ይሻላል። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ ውሻው ጥላ እየተከተለ ቤቱን ሲዞር ይውላል፤ ሰውም ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚደበቅበት ይፈልጋል።

ድሮ የሚደበቀው ቤቱ ውስጥ ነበር። የሳር ክዳን ቤት ጨለማ ነው፣ አይጡና ምስጡ ያሰለቻል፣ በዝናብ ጊዜ ያፈሳል፤ በቀትር ሲገቡበት ግን ያሳርፋል። ከስምንት ዓመት በፊት ጌታነሽ የማሾ ምርቷ ሰመረላትና ሳሩን አስፈርሳ ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰች። ከመንደሩ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሚስማሩ ሲመታ አገር ምድሩ ቆሞ አየ። የደብሩ ቄስ አባ መልከ ጼዴቅም ጸበል ረጩላት። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ ሁሉም ደግሞ በዓመቱ ግንቦት ላይ የሠራውን አወቀ። ቆርቆሮ ቤት በቀትር እንደ ጋለ ድስት ነው፤ ሰው ውስጡ ይበስላል። ግን አንድም ሰው ደፍሮ አልተናገረም፤ ከሁሉም በላይ ጌታነሽ።

«ሙቀት ሙቀት የሚሉ ሥራ የሌላቸው ናቸው» ትል ነበር ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ እትዬ ዘነበች እስኪመጡ ድረስ።

እትዬ ዘነበች የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከዘመሮ በላይ ካለ ብርድ አገር። ልጃቸው በኃይሉ አስተማሪ ሆኖ ወደዚህ ቆላ ተመደበ፣ የጌታነሽን አንድ ልጅ እስከዳርን አገባ፣ ከአማቱ አጥር ቀጥሎም ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። አባቱ የሞቱ ጊዜ እናቱን ብቻቸውን አልተዋቸውም፤ አምጥቶ ከሚስቱ ጋር አስቀመጣቸው። እሱ ዘንድሮ ወደ ዓለም ከተማ ተዛውሯልና የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

አሮጊቷ የመጀመሪያውን ግንቦት ከቤት ውጭ፣ ከግራር ሥር ቁጭ ብለው አሳለፉት። «ይኼ ቤት ነው ወይስ ቅጣት?» አሉ ተባለ። ከዚያ ለባላቸው ሙት ዓመት ወደ መንዝ ወጥተው ከረሙና ሲመለሱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ስድስት ማዳበሪያ የበግ ጠጉር አስወረዱ።

መንደሩ በሳቅ ሞተ። በመንዝ ከዚያ ጠጉር ባና ይሠራበታል፤ ባናውም በውርጭ ተለብሶ የሚታደርበት ወፍራም ልብስ ነው። ታዲያ ለቆላ ባና! ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ጌታነሽ ነበረች። እትዬ ዘነበች ጠጉሩን በደጋን እየነደፉ ሲያፍታቱት፣ በሁለት ማዳበሪያ መካከል ዘርግተው እንደ ፍራሽ ሲሰፉት፣ የተሰፋውንም ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ዝቅ አድርገው በገመድ ከግድግዳው አናት ላይ ሲያስሩት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ አየች።

«እትዬ ዘነበች! ጣሪያው በረደው እንዴ? ጋቢም እንጨምርለት?» አለቻቸው።

አሮጊቷ አልተቆጡም። «ባና ሙቀት አይሠራም፣ እታለም» አሉ ገመዱን እያጠበቁ። «የመጣውን ነው የሚያግድ። በኛ አገር ሙቀቱ ውስጥ ነው፣ እንዳይወጣ ያግደዋል። እዚህ ደግሞ ሙቀቱ ውጭ ነው፣ እንዳይገባ ያግደዋል። ከላይ የተውኩለት ክፍተትም የጋለውን አየር በክዳኑ ጠርዝ ያስወጣዋል።»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች ጌታነሽ፤ ቤቷ ገብታ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ግንቦት ሲገባ ሳቁ አለቀ። በቀትር እትዬ ዘነበች ቤት የገባ ሰው መውጣት ጠላ። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው እዚያ መዋል ጀመሩ። አባ መልከ ጼዴቅም ከቅዳሴ ሲመለሱ ስምንት ዓመት ሙሉ ጌታነሽ ቤት ነበር የሚያርፉት፤ አንድ ቀን በበሯ ሲያልፉ መስቀላቸውን ከሩቅ አሳዩዋትና ወደ ቀጣዩ በር አመሩ። ጌታነሽ ያስቀመጠችላቸው ጠላ ሲሞቅ ዋለ። ያን ቀን አንድ ነገር ደረቷ ላይ ተጋደመ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ይሁን እንጂ አንድ መጽናኛ ነበራት። እስከዳር እርጉዝ ናት። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ደግሞ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው፤ ይህን ባልም አማትም አይለውጡትም። ልጁ አርባ ቀን ሞልቶት ለክርስትና ሲወጣም የሚወጣው ከእናቷ ቤት ነው። ጌታነሽ ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ አልጋውን ሁሉ አዘጋጅታ ስትጠብቅ ቆየች። እንኳን ጣሪያ ሰማይ ቢሰቅሉ የልጅ ልጇን አይወስዱባትም ብላ አሰበች።

እስከዳር ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወልዳ መጣች። ስሙ በክርስትናው እስኪወጣ ማሙሽ ተባለ። ጌታነሽ የዚያን ሰሞን የምትረግጠውን አታውቅም ነበር። መንደሩ ቅቤና ማር ይዞ በእሷ በር ይገባል፤ እትዬ ዘነበችም እንደማንኛውም ጠያቂ አጥሚት ይዘው መጥተው፣ ዳር ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። «ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ እንግዳ ይመስል!» ትላቸዋለች ጌታነሽ፤ እንግዳ መሆናቸውን እንዲያውቁት።

አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው ይህ የቆየው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የማሙሽ አንገትና ጀርባ በሽፍታ ተሞላ። ጡት አልይዝ አለ፣ ሲያለቅስ ዋለ፣ ገላውም ይፋጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኮከቤ መጥታ ገላውን ዳሰሰችና ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች።

«በሽታ አይደለም፤ ሙቀት ነው» አለች። «ቀዝቀዝ ያለ ቤት ይግባ። ዛሬውኑ።»

የትኛው ቤት እንደሆነ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ ሦስቱም ሴቶች ወደ አጥሩ ዞረው አዩ።

እስከዳር ልጇን ይዛ ተሻገረች። በማግስቱ ማሙሽ ሲጠባ ዋለ፣ በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ከሰመ። ጌታነሽ በእግዚአብሔር ፊት ደስ አላት፤ ደስ ባላት ልብ ውስጥ ግን ቅናቱ እንደ ቃር ይነሳል። ማርና ቅቤ የያዘው ሰው አሁን በበሯ አልፎ ይሄዳል። እሷም አጥሚቷን በሰሐን ይዛ፣ የገዛ ልጇ ወደምትታረስበት ቤት እንደ ጠያቂ ትገባለች። «ግቢ፣ ቁጭ በይ» ይሏታል እትዬ ዘነበች። ክፋት የለባቸውም፤ እሷ ግን ባይናገሩኝ ደስ ይለኛል ትላለች በሆዷ። የተሰቀለውን ነገር ላለማየት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ቅዝቃዜው ግን አንገት ቢደፉም ይሰማል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጌታነሽ ዓለም ከተማ ገበያ ወጣች። ከመንዝ ከመጣ በግ ነጋዴ ስድስት ማዳበሪያ የሚሞላ ጠጉር ገዛች። «ለምንሽ ነው?» ቢላት «ለፍራሽ» አለችው። እንዴት እንደሚሰፋና እንዴት እንደሚሰቀል በአጥር ላይ አይታለች፤ አንድ ክንድ ዝቅ ማድረጉንም ክፍተቱንም አልረሳችም። ቤቷን ዘግታ፣ ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ሁሉንም በሁለት ቀን ጨረሰች። ሲያልቅ እስከዳርን ጠራቻት።

«ነይ ልጄ፣ ቤትሽ ቀዝቅዟል» አለቻት በኩራት።

ቤቱ እውነትም ቀዘቀዘ፣ አልዋሸችም። ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን በጠጉሩ ውስጥ ያለው ስብ መቅለጥ ጀመረና የአውራ በግ ሽታ ከላይ ወረደ። ጌታነሽ ዕጣን ብታጤስ፣ ጤና አዳም ብታንጠለጥል አልለቅ አለ። እስከዳር አፍንጫዋን ሳትይዝ ዋለች፤ እናቷን ታውቃታለችና። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግን የማሙሽን አንገት ስታብስ እጇ ቆመ። ከጆሮው ሥር መዥገር ተለጥፎበታል። ነቀለችው፤ ቀና ስትል ሌላው በገመዱ ላይ ሲወርድ አየችው።

ልጇን በፎጣ ጠቀለለችና ተሻገረች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ እስከ በሯ መጡ። «ጠጉሩን አላጠብሽውም እንዴ?»

የቆላ ሰው የሚያውቀው ፍየል ነው፤ ጠጉር እንደሚታጠብ ማን ይነግረዋል?

«እኛ እዚያው መንዝ ሳለን በሙቅ ውሃ ሦስቴ አጥበን፣ ፀሐይ አስመትተን ነው የምናመጣው። ከበጉ ጀርባ በቀጥታማ እንዴት ይሰቀላል? ብትጠይቂኝ ኖሮ...»

ብትጠይቂኝ ኖሮ! ጌታነሽ ከዚህ ቃል ይልቅ ጥፊ ትመርጥ ነበር። ጠጉሩን በሙሉ አውርዳ ከጓሮ አቃጠለችው። ጭሱ መንደሩን አልፎ እስከ ወንዙ ሸተተ፤ ያልሳቀም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያደረገችው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። አባ መልከ ጼዴቅ አራሷን ጠይቀው ሲወጡ «የፊታችን እሑድ አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው አርባው። ድግሱ ከወዴት ነው?» አሉ። እትዬ ዘነበችም ጭራ እያራገቡ «ልጁ ካለበት ነዋ!» ብለው መለሱ። ሌላ ምን ይበሉ? እውነታቸውን ነው። ጌታነሽ ግን ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ልጁ ካለበት። የልጅ ልጇ ለክርስትና ከሰው በር ሊወጣ ነው፤ እሷም ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ሠፈር ሰው ልትከተል። ለዚያውም ለበግ ጠጉር ተብሎ!

እሑድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ኪዳነ ምሕረት ለቅዳሴ ሄዱ። በኃይሉ በዚያ ሳምንት የተማሪዎች ፈተና ይዞት ከዓለም ከተማ አልመጣም። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይመለሱም። እስከዳር አራስ ናትና ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ሌሊቱን ልጁ ሲያነቃት ያድራልና በዚያን ሰዓት ትተኛለች። ጌታነሽ ራሴን አሞኛል ብላ ከቅዳሴ ቀረች። በአጥሩ ክፍተት ተሻግራ፣ ከጓሮ በኩል የተጣለ ሙቀጫ ገልብጣ ቆመችበት፣ እጇንም በግድግዳውና በክዳኑ መካከል አስገባች።

በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ከጣቷ እስከ አንጓዋ የሚደርስ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። እስከዳር ዳዴ የምትል ሕፃን ሳለች ምድጃ ውስጥ ወድቃ፣ ጌታነሽ በባዶ እጇ ፍም መካከል ገብታ አወጣቻት። በልጅቷ ላይ ምልክት እንኳ አልቀረም፤ ጠባሳው የቀረው በእናቷ ላይ ነው። ጌታነሽ በዚያች እጅ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈታች። ከአልጋው በላይ የተሰቀሉትን አራቱን የጠጉር ፍራሾች በግድግዳው አናት ላይ ጎትታ አወጣቻቸው፣ ተሸክማም ቤቷ ገብታ ጎተራዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ክፉ አስባ አልነበረም፤ ማለትም ለራሷ የነገረችው እንዲህ ነው። ያ ቤት እንደማንኛውም ቤት ይሁን። ሁለቱም ቤት ከሞቀ የሚፈርደው ወግ ነው፤ ወግ ደግሞ አራስ ወደ እናቷ ትሂድ ይላል። እስከዳር ሲሞቃት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ጌታነሽ አልጋውን አነጠፈች፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣም መጠበቅ ጀመረች።

አምስት ሰዓት ሆነ። ማሙሽ በአጥሩ ማዶ ማልቀስ ጀመረ። ጌታነሽ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አሁን ትመጣለች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ልቅሶው ጠነከረ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ያኔ ራሷ ያስተማረቻት ነገር ትዝ አላት። «ልጄ፣ አራስ በቀትር ከደጅ አትወጣም፤ ምን ቢሆን ሕፃን ይዘሽ እንዳትወጪ» ያለቻት እሷ ናት፣ ሦስቴም አስምላታለች። እስከዳር አትወጣም። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ልጇን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

ጌታነሽ ዞር ብላ የራሷን ቤት አየች። ከበሩ የሚወጣው ትኩሳት ፊቷን ገረፋት። ያነጠፈችው አልጋ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ቢመጡስ? ያን ሕፃን የት ልታስተኛው ነበር? ይህን እስካሁን አንዴ እንኳ አላሰበችም። ልጁ የሚተኛበትን ሳይሆን ከማን በር እንደሚወጣ ብቻ ነው ስታስብ የከረመችው።

ከዚያ ልቅሶው ተቆራረጠ። ሕፃን ሲደክመው የሚያሰማው አጫጭር ድምፅ ሆነ። ጌታነሽ ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ዓይን አላሰበችም። ጎተራውን ከፍታ አራቱን ፍራሾች አወጣች፣ ጀርባዋ ላይ አዘለቻቸው፣ በአጥሩ ክፍተት ሳይሆን በዋናው በር፣ በመንገዱ ሄደች።

እትዬ ዘነበች ከሰንበቴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ተገናኙ። ከኋላቸው ሦስት አራት የሰንበቴ ሴቶች አሉ። ሁሉም ቆሙ። ጌታነሽ የተሸከመችው ብቻ አይደለም የታየው፤ ሹሩባዋ፣ ቅንድቧ፣ የነጠላዋ ጥለት ሁሉ ነጭ ጠጉር ተለጣጥፎበታል። ጠዋት ከተሰፋው ዳር የተመዘዘ ነው። እንዲያ ሆና ነው ግማሽ ቀን ደጃፏ ላይ የተቀመጠችው።

እትዬ ዘነበች ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ዛሬስ ደህና አድርገሽ የታጠበውን ነው የወሰድሽው» አሉ።

አንዲትም ሴት አልሳቀችም። ጌታነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች። «ቀንቼ ነው፣ እትዬ ዘነበች» አለች። «በእርስዎ ቀንቼ ነው። ልጁ ግን እያለቀሰ ነውና ከመርገምዎ በፊት ይስቀሉልኝ።»

«የምን መርገም! ያን ጫፍ ያዢ፤ ብቻዬን አይሆንልኝም» አሉና በሩን ገፉት።

ውስጡ ድስት ነበር። እስከዳር ማሙሽን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በነጠላዋ እያራገበችው ነው፤ ላብ ከግንባሯ ይንጠባጠባል። ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው ሰቀሉ። ጌታነሽ ገመዱን ትይዛለች፣ እትዬ ዘነበች ይቋጥራሉ። አራተኛው ተሰቅሎ ጥቂት እንደቆዩ የውሃ ጋን አፍ ላይ ያለ ዓይነት ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ወረደ። ማሙሽ ጡቱን ያዘ። እትዬ ዘነበች ውሃ ላምጣ ብለው ወጡ፤ ውሃ ግን ቤት ውስጥ ሞልቶ ነበር።

«እማዬ» አለች እስከዳር።

«ወዬ።»

«ጠዋት አልተኛሁም ነበር። እጅሽን አይቻታለሁ።»

ጌታነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

«ከጠራሁሽ ደንግጠሽ ትሄጃለሽ። ከሄድሽ ደግሞ ዳግመኛ በዚህ በር አትገቢም፤ አውቅሻለሁ። ትመልሰዋለች ብዬ እያራገብሁት ጠበቅሁሽ።»

«ባልመልሰውስ ኖሮ?» አለች ጌታነሽ። «ልጁ ቢጎዳስ ኖሮ?»

እስከዳር እጇን ዘርግታ የእናቷን ቀኝ እጅ ከነጠላው ውስጥ አወጣች፣ ጠባሳው ላይ የተለጠፈውን የጠጉር ብናኝም በጣቷ ለቀመችው።

«ይቺ እጅ ልጅ እሳት ውስጥ ትታ አታውቅም» አለች።

ማሙሽ ጠብቶ ሲጨርስ ጌታነሽ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ ገላው መቀዝቀዝ ጀምሯል። በሚቀጥለው እሑድ ከዚሁ በር ነው ለክርስትና የሚወጣው። ይህን ስታስብ አሁንም ደረቷ ላይ ያ ነገር ተንቀሳቀሰባት። ቢሆንም ልጁን አላወረደችውም፤ እትዬ ዘነበች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱም ከአልጋው ዳር ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።